ሱቅ እንዴት ይከስራል? የገበያ መቀዝቀዝና የካምፓችን ቸርቻሪ



በዚህ እትም የምንማረው ስለ ችርቻሮ ንግድ ሒሳብ ነው። ርዕሱ ነጋዴውን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በካኩማ ከአንዱ ራሽን እስከ ሌላው ያለውን ጊዜ በባለሱቅ ዱቤ ያላለፈ ቤተሰብ ስንት ነው? ሱቁ ሲዘጋ የሚጎዳው ባለሱቁ ብቻ ስላልሆነ ትምህርቱ ሸማቹንም ይመለከታል። ደብተርና እርሳስ ይዞ ማንበብ ይጠቅማል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ካምፑ የተቋቋመው በ1992 ነው። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያዊው፣ ሶማሌው፣ ሱዳናዊው፣ ኮንጎሌውና ሌላውም በላቡ ያቆመው ገበያ ቀላል የሚባል አልነበረም። የዓለም ባንክ ቡድን አካል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን በ2018 ባወጣው ጥናት በካምፑና በአጠገቡ ባለው ከተማ ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች እንዳሉ፣ የነዋሪው ዓመታዊ ፍጆታም ወደ 56 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚገመት ገልጾ ነበር።

ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣ ነበር? ከፊሉ በውጭ ያለ ዘመድ ከሚልከው፣ ከፊሉ በድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ ስደተኞች ከሚያገኙት ኢንሴንቲቭ፣ ከፍተኛው ድርሻ ግን በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ ከርዳታው ነው። ራሽን ራሱ እንደ ገንዘብ ያገለግላል። ከተሰጠው እህል ጥቂቱን ሸጦ ስኳርና በርበሬ የሚገዛ አለ፤ ለወፍጮ የሚከፍል አለ፤ ማገዶና ከሰል ተሸክመው የሚመጡት የቱርካና ሴቶችም ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት በዱቄት ነው። በ2015 ባምባ ቻኩላ የተባለው በስልክ የሚላክ የምግብ ድጋፍ ሲጀመር፣ በ2016 ደግሞ ካሎበየይ ሰፈር ሲመሠረት፣ የርዳታው አንድ ክፍል በቀጥታ በባለሱቁ እጅ የሚያልፍ ሆነ። ብዙ ሱቅ የተከፈተውም በዚህ ተስፋ ነው።

በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አገደ። በዚያው ዓመት የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኬንያ ላሉ ስደተኞች የሚሰጠውን ራሽን ከጁን ወር ጀምሮ ወደ ሙሉው መጠን 28 በመቶ ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የጥሬ ገንዘብ ድጋፉንም እንደሚያቆም አስታወቀ። በየቤቱ የደረሰውን ችግር ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። እዚህ የምንጠይቀው በሱቁ ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ትርፍ ማለት ከሽያጩ ላይ ዕቃው የተገዛበት ዋጋና ልዩ ልዩ ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ነው። በእጅ ያለ ገንዘብ ማለት ደግሞ ነገ ጠዋት ጅምላ አከፋፋዩ ዘንድ ሄደን ዕቃ የምንገዛበት ጥሬ ብር ነው። በደህና ጊዜ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ልዩነታቸው አይታይም። ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ይለያያሉ። መደርደሪያው ላይ የ40,000 ሽልንግ ዕቃ፣ መዝገቡ ላይ የ20,000 ሽልንግ ዱቤ ያለው ሰው በወረቀት ሲታይ የ60,000 ሽልንግ ባለቤት ነው። ኪሱ ውስጥ ግን አንድ ካርቶን ሳሙና የሚገዛበት ላይኖረው ይችላል። ትንሽ ሱቅ መሞት የሚጀምረው ገንዘቡ በመደርደሪያና በመዝገብ ላይ ታስሮ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ባለሱቅ 60,000 ሽልንግ መነሻ አለው እንበል። በገዛበት ላይ 10 በመቶ ጨምሮ ይሸጣል። ዕቃው በ10 ቀን ያልቅና በአዲስ ይተካል፤ ማለትም ገንዘቡን በወር 3 ጊዜ ያገላብጠዋል። አንድ ጊዜ ሲያገላብጠው 6,000፣ በወር 18,000 ሽልንግ ያገኛል። ከዚህ ላይ ለቤት ኪራይ፣ ለጄኔሬተር መብራት፣ ለተሸካሚ፣ ለረዳት፣ ለካውንቲው የንግድ ፈቃድ የሚደርሰው የወር ድርሻ ተደምሮ 9,000፣ ለቤተሰቡ ቀለብ 6,000 ይወጣል። 3,000 ሽልንግ ይተርፈዋል። ይህ ሀብታም አያደርግም፤ ግን ያኖራል።

ገበያው ቀዘቀዘ። በ10 ቀን ያልቅ የነበረው ዕቃ 30 ቀን ፈጀ። ዋጋው አልተለወጠም፣ 10 በመቶውም አልተነካም፣ ሌባም አልገባም። ገንዘቡ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ስለተገላበጠ ግን የወሩ ገቢ 6,000 ሽልንግ ሆነ። ወጪው ያው 15,000 ነው። ባለጄኔሬተሩ ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ ሒሳቡን አይቀንስም፤ ልጆችም መብላት አይተዉም። የጎደለው 9,000 ከመነሻው ይነሳል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ መነሻው 51,000 ይሆናል። በሁለተኛው ወር የሚያስገኘው የ51,000 አንድ አሥረኛ፣ ማለትም 5,100 ብቻ ነውና 15,000 ሲወጣ 41,100 ይቀራል። በሦስተኛው ወር 30,210። በአራተኛው 18,231። በአምስተኛው ወደ 5,000 ገደማ። ጉድለቱ በየወሩ እንደሚሰፋ ልብ በሉ፤ መነሻው ባነሰ ቁጥር የሚያስገኘውም ያንሳልና። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያላስገባነው አንድ ነገር ደግሞ አለ። መደርደሪያው ሲሳሳ ደንበኛው «እዚያ ቤት ምን አለና» ብሎ በሩን አልፎ ይሄዳል። አምስት ወር ያልነው አራት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ በማታው ክፍል ሰሌዳ ላይ ስሠራው ሁለት መልስ ወዲያው መጣ። አንደኛው ተማሪ «ዋጋ ይጨምር» አለ። ጥሩ፤ እናስላው። በወር አንድ ጊዜ ብቻ በመገላበጥ 15,000 ለማግኘት የ60,000 ሽልንግ ዕቃ ላይ 25 በመቶ መጨመር አለበት። የሰው ኪስ በሳሳበት ወቅት፣ አጠገቡ ያለው ሱቅ በ10 በመቶ እየሸጠ፣ ማን ከእሱ ይገዛል? ሁለተኛዋ ተማሪ «ዋጋ ይቀንስና ቶሎ ቶሎ ይሽጥ» አለች። እሱንም እናስላው። 5 በመቶ ብቻ ከጨመረ አንዱ መገላበጥ የሚያስገኘው 3,000 ነው፤ 15,000 ለመድረስ በወር 5 ጊዜ፣ ማለትም በየ6 ቀኑ ሱቁን ባዶ አድርጎ መሙላት ይኖርበታል። ይህን የሚችል ካለ ይቻላል። የሚችለው ግን ብዙውን ጊዜ ትልቁ ነጋዴ ነው።

የሁለተኛዋ ተማሪ ሐሳብ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በአሜሪካ የተሞከረ መሆኑ ይገርማል። ማይክል ከለን የተባለ ሰው በኦገስት 1930 በኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ በተባለው ክፍለ ከተማ ኪንግ ከለን የተሰኘ ሰፊ መደብር ከፈተ። ገዢው ዕቃውን ራሱ ከመደርደሪያ ያነሳል፣ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ ተሸክሞ ይሄዳል። ዱቤ የለም፤ ቤት ድረስ ማድረስ የለም። አንዳንዱን ዕቃ በገዛበት ዋጋ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። ሕዝቡ ጎረፈ። በየመንገዱ ጥግ በመዝገብ ዱቤ እየሰጠ ይሠራ የነበረው ትንሽ ባለሱቅ በዚያ ዋጋ ሊወዳደር አልቻለም። እኛም ዘንድ ጅምላ አከፋፋዩ የጎን በር ከፍቶ በኪሎ መሸጥ የጀመረ ዕለት ትንሹ ሱቅ ያው ፈተና ይገጥመዋል።

ታዲያ ትንሹ ሱቅ ምን አለው? ሁለት ነገር አለው፤ ትንሽ መስፈሪያና ዱቤ።

ስለ መስፈሪያው ባጭሩ እንናገር። በኬንያ «ካዶጎ» የሚሉት አሻሻጥ ነው። ዘይት በትንሽ ቆርቆሮ፣ ስኳር በወረቀት ጥቅልል (የፕላስቲክ ከረጢት ከ2017 ጀምሮ ስለተከለከለ)፣ ዱቄት በጎሮጎሮ ወይም በግማሹ ይሸጣል። የ20 ሽልንግ ዘይት የሚፈልግ ሰው ጅምላ አከፋፋዩ ዘንድ መልስ የለውም። በተቀዘቀዘ ገበያ ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው እንዲህ ያለው ሽያጭ ነው። እርግጥ ነው፣ በትንሹ የሚገዛ ድሃ በኪሎ ሲሰላ ከሀብታሙ የበለጠ ይከፍላል። ይህ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቀድቶ፣ ለክቶ፣ የፈሰሰውን ችሎ ለሚሸጥ ሰው ጥቂት ጭማሪ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። የማይገባው መስፈሪያውን ከታች መሰርጎድ ነው፤ ይህ ንግድ ሳይሆን ስርቆት ይባላል።

ዱቤው ግን ሰፊ ነገር ነው።

በ10 በመቶ የሚሸጥ ባለሱቅ በ1,000 ሽልንግ የገዛውን ዕቃ በ1,100 በዱቤ ሰጠ እንበል። ደንበኛው ሳይከፍል ቀረ። ባለሱቁ ያጣው 100 ሽልንግ ትርፉን ብቻ አይደለም፤ ከኪሱ የወጣውን 1,000 ጭምር ነው። ያንን 1,000 ለመተካት በ1,000 የተገዛ ዕቃ ለ10 ሰው በጥሬ ገንዘብ መሸጥ አለበት። አንድ የተበላ ዱቤ የ10 ደህና ደንበኞችን ትርፍ ይዞ ይሄዳል። «ለአንድ ሰው ብቻ ነው» ብሎ የሚያዝን ባለሱቅ ይህን ቁጥር በመዝገቡ ሽፋን ላይ ቢጽፈው አይጎዳም።

ታዲያ ዱቤ ይቅር? በእኔ አስተያየት ይህ አይሆንም። በካምፕ ውስጥ ዱቤ የከለከለ ሱቅ ወር በገባ በሁለተኛው ሳምንት በሩ ላይ ሰው አይኖርም። «ጋሼ፣ እስከ ራሽን ያቆዩልኝ» ያለችውን እናት ባዶ እጇን የመለሰ ባለሱቅ፣ ራሽን ሲመጣ ደግሞ እሷን አያገኛትም። ዱቤ የትንሹ ሱቅ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል፤ እንደ ስኳርና እንደ ጨው ይሸጣል። ሊለካ የሚገባውም እንደነሱ ነው።

መለኪያው የደንበኛው ችግር መጠን ሊሆን አይችልም፤ ችግር ወሰን የለውም። መለኪያው ደንበኛው በአንድ የክፍያ ቀን ሊከፍል የሚችለው ነው። ከኢንሴንቲቩ 2,000 ሽልንግ ለዱቤ ሊያወጣ ለሚችል ሰው 2,000 ይሰጣል፤ ያንን ሲከፍል እንደገና ይከፈታል። ገቢ ሲቀንስ ጣሪያውም አብሮ ዝቅ ይላል። ብዙ ሱቆች የሚጎዱት ራሽኑና ገንዘቡ ሙሉ በነበረበት ጊዜ ያወጡትን ጣሪያ፣ ገቢው ከተቆረጠ በኋላም ሳይነኩት ስለሚቀጥሉ ነው።

መዝገቡም ሁለት ይሁን። አንዱ በሱቁ፣ አንዱ በደንበኛው እጅ። ቀኑ፣ ዕቃው፣ የዕለቱ ዋጋና የሁለቱ ፊርማ ይጻፍበት። ማንበብ የማይችል ደንበኛ ልጁን ይዞ ይምጣ። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ሰው ለመካድ ስለፈለገ ሳይሆን ሁለቱ ሰዎች የተለያየ ቁጥር በልባቸው ይዘው ስለሚቆዩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። የድጋፉ ገንዘብ በካርድና በስልክ ይመጣ በነበረበት ጊዜ አንዳንድ ባለሱቆች የደንበኛውን ካርድ ወይም ሲም ከነምስጢር ቁጥሩ መያዣ አድርገው ያስቀምጡ ነበር። ገንዘቡ ሲገባ ራሳቸው አውጥተው ቀሪውን ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ለባለሱቁ አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን ካርዱን የሰጠ ቤተሰብ ዋጋ አወዳድሮ ከሌላ ሱቅ የመግዛት ነፃነቱን አብሮ ሰጥቷል፤ ሒሳቡንም ማየት አይችልም። ባለሱቁም ቢሆን ዋስትናው በሰውየው ሐቀኝነት ላይ መሆኑ ቀርቶ በርዳታው መቀጠል ላይ ሆነ። ርዳታው ሲቆም በመሳቢያ የተደረደረው ካርድ ፕላስቲክ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰው ግን ዛሬ ባይኖረው ነገ ሠርቶ ሊከፍል ይችላል።

ሸማቹንም የሚመለከት ነገር አለ። ሙሉውን መክፈል ያልቻለ ሰው ብዙ ጊዜ አፍሮ መንገድ ይቀይራል፤ በሌላ ሱቅ በኩል ይዞራል። ለባለሱቁ ከዚህ የከፋ የለም። 1,500 ያለበት ሰው 100 ሽልንግ ይዞ መጥቶ «ለዛሬ ይህችን ያዝልኝ» ቢል፣ 100 ሽልንጓ በሚቀጥለው ቀን ስኳር ሆና ለሌላ ሰው ትሸጣለች። ባለሱቁም ለአከፋፋዩ የሚለው ነገር ያገኛል። አከፋፋዩ ራሱ ለቸርቻሪው በዱቤ እንደሚሰጥ አንርሳ። ሰንሰለቱ ከእኛ ማዕድ ቤት ተነስቶ ኪታሌ ያለው መጋዘን ድረስ ይደርሳል፤ አንዱ ቀለበት ሲላላ ሁሉም ይላላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ መለዋወጥ ነው። አንድ ጀሪካን ዘይት በ4,000 ሽልንግ ገዝቶ በ4,400 የሸጠ ሰው 400 አተረፍኩ ይላል። አከፋፋዩ ዘንድ ሲሄድ ግን ጀሪካኑ 4,600 ሆኖ ቢጠብቀው፣ የሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ዘይት መልሶ አይገዛለትም። በመዝገቡ አትርፏል፤ በመደርደሪያው ግን ከስሯል። በአገራችን ይህ በግልጽ ታይቷል። በጁላይ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነጋዴው የነገውን መተኪያ ዋጋ እያሰበ ዋጋ ሰቀለ፤ ሸማቹ ደግሞ «ዕቃው የገባው በድሮው ምንዛሪ አይደለም ወይ?» አለ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። እዚህ ኬንያም የሽልንጉ ዋጋ ወድቆ በጃንዋሪ 2024 አንድ ዶላር ከ160 ሽልንግ በላይ ተመንዝሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ወደ 130 ገደማ ተመለሰ። ዋጋ ሲወጣ የሚጎዳው መደርደሪያው ባዶ የሆነው ነው። ዋጋ ሲወርድ ደግሞ በውድ ገዝቶ ያከማቸው ይጎዳል። ስለዚህ ለትንሽ ሱቅ የሚበጀው ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ መግዛት ነው፤ የሚያስከትለውን የትራንስፖርት ወጪ መቻል ከተገኘ።

ለዚህም ተባብሮ መግዛት ይጠቅማል። ከካምፕ ለመውጣት የጉዞ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ እያንዳንዱ ባለሱቅ ሎድዋር ወይም ኪታሌ ሊመላለስ አይችልም። አራት ባለሱቆች በአንድ ላይ ቢያዙ የጭነቱን ወጪ ይካፈላሉ፤ በጅምላ ዋጋም ለመከራከር አፍ ያገኛሉ። ጎረቤት ሱቅ ተፎካካሪ ነው የሚል ካለ፣ ተፎካካሪነቱ በመሸጫው በኩል ይሁን፤ በመግዣው በኩል ግን አንድ ላይ መቆም ያዋጣል።

እቁብን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እቁብ ደግ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ የካምፑ ሱቆች የተከፈቱት በእቁብ ገንዘብ ነው። ነገር ግን እቁብ የሚጣለው ከትርፍ እንጂ ከመነሻ መሆን የለበትም። ገበያው ሲቀዘቅዝ በደህና ጊዜ የተወሰነውን መጣያ ለመሙላት ዕቃ መግዣውን የሚጥል ሰው፣ ሱቁን በገዛ እጁ እያፈረሰ ነው። ቀድሞ የወሰደው ሰው መጣል ሲያቅተው ደግሞ ያልደረሳቸው ሁሉ ይጎዳሉ። የእቁቡ ዳኛና ጸሐፊ አባላቱን ሰብስበው መጣያውን በግማሽ ቢቀንሱት ወይም ዙሩን ቢያራዝሙት ነውር የለበትም። የሚፈርሰው ሳይነጋገር የቀረ እቁብ ነው።

የቀረው ስለ መደርደሪያው ነው። ባለሱቁ አንድ ቀን ማታ ተቀምጦ እያንዳንዱን ዕቃ ይቁጠርና በስንት ቀን እንደሚያልቅ አጠገቡ ይጻፍ። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና፣ ክብሪት ይሄዳሉ። ሽቶ፣ የፀጉር ቀለምና የስኒ ረከቦት ወራት ይቀመጣሉ። የማይሄደውን በገዛበት ዋጋም ቢሆን ሸጦ ወደሚሄደው መለወጥ ይሻላል። ብዙ ሰው «በኪሳራ አልሸጥም» ይላል። አቧራ የጠጣ የ5,000 ሽልንግ ሽቶ በ4,000 ተሸጦ ስኳርና ዘይት ቢሆን፣ በ10 በመቶ ሦስት ጊዜ ሲገላበጥ 1,200 ስለሚያስገኝ የጎደለውን 1,000 ተክቶ ይተርፋል። የሱቁና የቤቱ ቦርሳም ይለይ። ባለሱቁ ለራሱ ቤት የሚያነሳው ስኳር ሳይቀር በመዝገብ ይግባ፤ ባለቤቱም ልጆቹም እንደማንኛውም ደንበኛ በስማቸው ይጻፍባቸው። ይህ ቤት ውስጥ ጥቂት ኩርፊያ ያመጣ ይሆናል።

ለመለማመጃ የሚሆን ጥያቄ፦

አንዲት ባለሱቅ 24,000 ሽልንግ መነሻ አላት። በገዛችበት ላይ 12 በመቶ ጨምራ ትሸጣለች። የሱቁ ወጪና የቤቷ ቀለብ ተደምሮ በወር 7,200 ሽልንግ ነው።

ሀ) መነሻዋ እንዳይነካ ገንዘቧን በወር ስንት ጊዜ ማገላበጥ አለባት? በስንት ቀን አንድ ጊዜ ማለት ነው?

ለ) ከመነሻዋ 4,000 ሽልንጉ ወሩን ሙሉ በዱቤ ተይዞ ቢቀር፣ በቀረው ገንዘብ ስንት ጊዜ ማገላበጥ ይኖርባታል?

ሐ) ገበያው ቀዝቅዞ ዕቃዋ የሚያልቀው በ15 ቀን ቢሆን፣ ዱቤውም እንደተያዘ ቢቆይ፣ በወሩ መጨረሻ ከመነሻዋ ስንት ሽልንግ ይጎድላል?

መልሱን ከነአሠራሩ በሚቀጥለው እትም እናቀርባለን። ቀድሞ የሠራ በማታው ክፍል ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ ቢያሳይ ደስ ይለናል።